ቀላል ግጭት፦ እዚያው መጨረስ ወይስ ወደ መድን መሄድ?

ከሜክሲኮ በልደታ አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መንገድ አመሻሽ ላይ ይጨናነቃል። ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ቀጥ ይላል፤ ከኋላው ያለችው ቪትዝ ፍሬን ትይዛለች፤ ከእሷ ኋላ የሚመጣው ግን አይደርስለትም። ፓራውልት ይሰነጠቃል፣ የኋላ መብራት ይረግፋል። ሰው አልተጎዳም። ከዚህ በኋላ የሚመጡት አምስት ደቂቃዎች ናቸው ከግጭቱ ይልቅ ገንዘብ የሚያስወጡት። የኋለኞቹ ጥሩምባ፣ ከእግረኛው መሃል ብቅ የሚሉት ገላጋዮች፣ የሁለቱም ሾፌሮች ንዴት ተደማምረው ወደ አንዱ ጥግ ይገፋሉ፦ «ወንድሜ፣ የሆነች ነገር ልስጥህና እንለያይ» ወይም «በፍጹም፣ ትራፊክ ይምጣ!»

ሁለቱም መንገዶች እንደየሁኔታው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የጥገናው ዋጋም የመድን ውሉም ሳይታይ እዚያው አስፋልት ላይ መወሰኑ ነው። ለውሳኔው መነሻ የሚሆኑት አባባሎች ደግሞ አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን ይረሱ ነበር።

«ኢንሹራንስ አለኝ፣ ምን አገባኝ»

የትኛው ኢንሹራንስ? ከቦሎው ጎን መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስቲከር የሶስተኛ ወገን መድን ነው። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ አደረገው፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ይህ መድን የሚከፍለው መኪናዎ በሌላ ሰው ላይና በሌላ ሰው ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው። ለራስዎ ፓራውልት አንድ ብር አይሰጥም። በየጋራዡ ደጃፍ «ታዲያ በየዓመቱ የምከፍለው ለምንድን ነው?» ብሎ የሚቆጣ ሰው የማይጠፋው ይህ ሳይነገረው ስለሚቀር ነው።

ለሌላው ንብረት የሚከፈለውም ጣሪያ አለው። የ2000ው አዋጅ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው 100,000 ብር ነበር። ያኔ ብዙ ይመስል ነበር፤ ዛሬ የአንድ አዲስ መኪና የፊት መብራትና ኮፈን ስንት እንደሚጠራ ሶማሌ ተራ ብቅ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ከጣሪያው በላይ ያለው ከባለንብረቱ ኪስ ይወጣል።

ስለዚህ ያለዎት ሶስተኛ ወገን ብቻ ከሆነና ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ፣ የራስዎን መኪና የሚያሠሩት በማንኛውም መንገድ እርስዎ ነዎት። የሚቀረው ጥያቄ የሌላውን ማን ያሠራለት የሚለው ብቻ ነው። ያ ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ያለ እሱ የእርስዎ መድን ድርጅት ፋይል አይከፍትም። የተሰነጠቀችው የመብራት ሽፋን ብቻ ከሆነች፣ ትራፊክ እስኪመጣ፣ ፕላን እስኪነሳ፣ ማስረጃው እስኪጻፍ የሚጠፋው ጊዜ ከመብራቷ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ባለው ነገር ላይ እዚያው መስማማት አስተዋይነት ነው።

«ከኋላ የገጨ ምንጊዜም ጥፋተኛ ነው»

ይህን አባባል ታክሲ ረዳቱም የመንገድ ዳር ገላጋዩም እንደ ሕግ ይጠቅሰዋል። ሕጉ ግን የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይቆጥራል፤ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። የእኔ ጉዳት 8,000፣ የእርስዎ 32,000 ብር ቢሆን ድምሩ 40,000 ነው፤ ለእያንዳንዳችን 20,000 ይደርሰናል፤ እኔ የራሴን አሠርቼ 12,000 እጨምርልዎታለሁ ማለት ነው። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት ያንዱ ሾፌር ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

ከኋላ የገጨው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ርቀቱን አልጠበቀም ተብሎ ነው፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው ትክክል ነው። ሆኖም ከፊት ያለው ማርሽ ተሳስቶ ወደ ኋላ ቢሄድስ? ያለ ፍሬቻ ከጎን ገብቶ ቀጥ ቢልስ? እዚህ ላይ የሚያወራው ማስረጃ ነው። ስለዚህ መኪኖቹን ከማንቀሳቀስ በፊት ሁለቱንም ታርጋ፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ፣ የመንገዱን ቀለምና ከኋላ ያለውን ሕንፃ ጭምር የሚያሳይ ፎቶ በስልክ ማንሳት ከጭቅጭቁ ሁሉ ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚያነሳው የተጎዳውን ቦታ ብቻ ነው፤ እሱን ጋራዡም ያየዋል። ከዚያ በኋላ መንገዱን መልቀቅ ነው፤ ልደታ ፍርድ ቤት የሚደርስ ክርክር እንኳ ቢሆን ዳኛው የሚጠይቁት ማን ጮኸ ብለው አይደለም።

«የገጨው ሹፌሬ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። በዚያው ሕግ ቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ያሽከረከረው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው እንኳ ቢሆን። ሾፌሩ መንገድ ላይ የተስማማው ነገር ባለቤቱን ሊነካ ስለሚችል፣ ከመፈራረሙ በፊት ቢደውል ይሻላል።

«መድን ድርጅቱ ከሰማ ዓረቦኔ ይጨምራል፤ ዝም ይሻላል»

ሙሉ ኢንሹራንስ፣ ማለትም የራሱን መኪና ጉዳትም የሚሸፍን መድን፣ ያለው ሰው በጣም የሚጎዳው በዚህ እምነት ነው ብዬ አምናለሁ። ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የንግድ ሕጋችን የመድን ክፍል (በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልነካውም) ባለመድኑ አደጋ መድረሱን ካወቀ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ዝም ብሎ የቆየ ሰው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋራዡ «ውስጡም ተጎድቷል» ሲለው በሩን ራሱ ዘግቶታል።

በአብዛኛው ውል የዓረቦን ቅናሽ የሚቀረው ካሳ ሲከፈል እንጂ ሲያሳውቁ አይደለም። ያለ ካሳ ጥያቄ ላለፈ ዓመት የሚሰጠው ቅናሽ፣ በተለምዶ ኖ ክሌም የሚባለው፣ ከሚቀጥለው ዓመት ዓረቦን ላይ የሚቀነስ መቶኛ ነው። ካሳ ሲወስዱ እሱ ይቀራል፤ የዓረቦኑ መነሻ ግን በአንድ ጭረት ምክንያት ሰማይ አይነካም። ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ የራስዎን ከውልዎ ያውጡ።

ጋራዡ የሰጠዎት ፕሮፎርማ 12,000 ብር ነው እንበል። ውሉ ላይ ያለው ኤክሰስ፣ ማለትም በእያንዳንዱ አደጋ ከራስዎ የሚከፍሉት፣ 5,000 ብር ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚያጡት ቅናሽ 6,000 ብር ነው። መድኑ 7,000 ይከፍላል፤ ከዚያ 6,000 ሲቀነስ በእጅዎ የሚቀረው 1,000 ብር ነው። ለእሷ ብለው ቅጽ ሞልተው፣ የመድን ድርጅቱን ኢንጂነር ጠብቀው፣ መኪናውን ጋራዥ አቁመው፣ በራይድ ሥራ ይመላለሳሉ። አያዋጣም፤ በራስ ማሠራት ነው። ፕሮፎርማው 60,000 ቢሆን ግን በዚያው ስሌት 49,000 ብር ይተርፋል፤ እዚህ ላይ መድኑን መተው የገዙትን ነገር መጣል ነው። ጥፋቱ የሌላው ሰው ከሆነ ደግሞ ድርጅትዎ ከፍሎ በእርስዎ ቦታ ተተክቶ ከእሱ ስለሚያስመልስ፣ ቅናሹ ሊጠበቅልዎት ይችል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

አምስቱ ቀን የሚጠቅመው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ያሳውቃሉ፤ ፕሮፎርማ ያወጣሉ፤ ከዚያ ያሰላሉ።

«ተጨባብጠን ተለያየን፤ አለቀ»

መጨባበጡ መልካም ባህል ነው፤ ገላጋይ መስማትም እንዲሁ። ነገር ግን ፓራውልት ፕላስቲክ ነው፤ ሲገጩት ተጣጥፎ ይመለሳል። ከጀርባው ያለው ብረት ተቆልምሞ፣ የራዲያተሩ ማሰሪያ ተሰብሮ፣ በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ሴንሰሩ ከቦታው ለቆ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው ሲፈታ ነው። መንገድ ላይ «ሦስት ሺህ ይበቃል» ያለ ሰው በማግስቱ ሠላሳ ሺህ ሲጠራበት ይደውላል፤ ሌላው ስልኩን ያጠፋል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ያልተጻፈ ስምምነት ለከፋዩም ሰላም አይሰጥም። ከፍሎ የሄደው ሰው ከወራት በኋላ መጥሪያ ቢደርሰው፣ መክፈሉን በምን ያሳያል?

ከተስማማችሁ ጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀንና ቦታ፣ የሁለቱ ታርጋና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ ምን እንደተጎዳ፣ ስንት ብር እንደተከፈለ፣ ጥያቄው በዚህ መዘጋቱ ወይም ጋራዥ ከታየ በኋላ እንደሚዘጋ፣ ፊርማ፣ ቢቻል ሁለት ምስክር። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢተላለፍ ደረሰኙ ራሱ ይመሰክራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግራ ቀኙ ነፃ ፈቃድ የተደረገ የግልግል ስምምነትን በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ያየዋል። ጥንካሬው ይህ ነው፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው።

አደጋው እንዲህ ነው። ሌላው ሰው ገጭቶዎት ትንሽ ገንዘብ ተቀብለው «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብለው ፈረሙ። ቀጥሎ ጉዳቱ ሲበዛ ወደ ራስዎ ሙሉ ኢንሹራንስ ሄዱ። ድርጅቱ ለእርስዎ ከከፈለ በኋላ በእርስዎ ቦታ ተተክቶ ያንን ሰው የመጠየቅ መብት አለው፤ እርስዎ ግን በፊርማዎ ያንን መብት ሸጠውበታል። በዚህ ምክንያት ክፍያውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል። በተቃራኒውም ያው ነው፤ ጥፋተኛው እርስዎ ሆነው «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሁሉን እከፍላለሁ» ብለው ከፈረሙ፣ ውሎች በተለምዶ መድን ሰጪው ያልፈቀደው የእምነት ቃልና ስምምነት አይገዛውም ይላሉ። ስለዚህ ወደ መድን የመሄድ ሐሳብ ትንሽም ካለ፣ በዚያ ምሽት ምንም አይፈረምም። ስልክ ይለዋወጣሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ነገ ጋራዥ ይገናኛሉ።

«ሙሉ ነው እኮ፣ ሁሉን ይሸፍናል»

«ሙሉ» የሚለው ስም ብዙ ሰው አታሏል። ኤክሰሱን አይተናል። መኪናውን ኢንጂነር ሳያየው ያሠራ ሰው ክፍያ ሊከለከል ይችላል፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃም በተለምዶ ለድርጅቱ ይመለሳል። የግል ብሎ ዋስትና ገብቶ በክፍያ ሰው የሚያመላልስ መኪናም ውሉ ከሚያውቀው አገልግሎት ውጭ ነው፤ ይህን የራይድና የፈረስ ሾፌሮች ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ትልቁ ጉድጓድ ግን ዋጋው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የመለዋወጫም የመኪናም ዋጋ ተከተለው። በድሮው ዋጋ ዋስትና የገባ መኪና ግን በውሉ ላይ እንደነበረ ቀረ። ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ ሕጉ በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለንብረቱን ለጎደለው ያህል ራሱን እንደ መድን ሰጪ ይቆጥረዋል። 1,600,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ800,000 ዋስትና ገብቶ 60,000 ብር ቢጎዳ፣ የሚሰላለት 30,000 ነው፤ ከዚያ ላይ ኤክሰሱ ይቀነሳል። ይህን ሰው የሚያውቀው ቼኩን ሲቀበል ነው፤ «ኢንሹራንስ ሌባ ነው» የሚለው ወሬም የሚወለደው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ዓረቦን ለመቆጠብ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ በትንሹም ጭረት ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ውሉ እስኪታደስ መጠበቅም አያስፈልግም፤ በመሃል ዋጋውን ከፍ አድርጎ ልዩነቱን መክፈል ይቻላል።

«ትንሽ ነው ያመመኝ፣ ይለቀኛል»

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለብረትና ለፕላስቲክ ነው። ሰው ከተነካ፣ እግረኛ ቢሆን ተሳፋሪ፣ መንገድ ላይ መጨረስ የሚባል ነገር የለም። የአንገትና የጭንቅላት ጉዳት በማግስቱ ሊብስ ይችላል፤ «ደህና ነኝ» ብሎ የሄደውን ሰው ትቶ መሄድም እንደ ማምለጥ ሊቆጠር ይችላል። ፖሊስ ይጠራል፤ ተጎጂው ሆስፒታል ይደርሳል፤ አስገዳጁ መድን የድንገተኛ ሕክምና ወጪን የሚያካትተውም ለዚህ ነው። ያን ዕለት ስለ ፓራውልቱ የተጻፈ ወረቀት ካለ፣ ንብረቱን ብቻ እንደሚመለከት በግልጽ ይጻፍበት።