በተጠበቀ የሣር ምድር ላይ መንገድ ስለ ማውጣት

የሣር ምድር የሚጠፋው በማጭድና በከብት አፍ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት በሌለው እግርም ይጠፋል። አንዱ ባለፈበት ሌላው ይከተላል፤ ሣሩ ይረገጣል፥ አፈሩም ይጠጥራል፤ ዝናም በመጣ ጊዜ ውኃው ፈለጉን ቦይ አድርጎ ይወርድበታል። መንገደኛውም ጭቃውን ሸሽቶ በዳር በዳሩ ስለሚሄድ አንዱ ፈለግ ሦስትና አራት ይኾናል። ስለዚህ ምድሩን አስከብሮ መንገዱን ያላስከበረ ሹም ሥራው እኩሌታ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚኾነው በሰሜን ሸዋ በመንዝ ያለው የጓሳ ምድር ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር፥ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚኾን የጓሳ ሣር ይበቅልበታል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል፤ ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ የሚወርዱ ወንዞችም ይመነጩበታል። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፥ ራሱ በመረጠው አለቃ ሲጠብቀው ኖረ፤ ሣሩም እስኪጠና ድረስ ምድሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው፤ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ግን የአማራ ክልል ስፍራውን በደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ አቋቋመው።

እንዲህ ባለ ምድር አጫጁም፥ እረኛውም፥ አጋሰስ ነጂውም፥ አገር ጎብኚውም ያልፋሉ። ስለዚህ መንገድ የሚያወጣ ሹም የሚከተለውን ይመልከት።

1ኛ/ አስቀድሞ ከሽማግሎችና ከእረኞች ጋራ በክረምትም በበጋም ምድሩን ይዙር። ሰው ወደሚፈልገው ስፍራ የማያደርስ መንገድ ቢወጣ የሚሄድበት የለም።

2ኛ/ መንገዱ ተዳፋቱን ቀጥ ብሎ አይውጣ፤ ጐኑን ይዞ ይዙር። በ100 ክንድ ርቀት ከ10 ክንድ የበለጠ አይውጣ፤ ከተዳፋቱም ቍልቍለት እኩሌታ አይለፍ። ወለሉ ወደ ቍልቍለቱ ጥቂት ቢያዘነብል ውኃው ሳይጠራቀም ያልፋል።

3ኛ/ ረግረጉን ይራቅ፤ መራቅ ባይቻል ድንጋይ ይነጠፍበት። በብርቱ ዝናም ወራት ሊቦካ የሚችለው መንገድ ይዘጋ።

4ኛ/ እግረኛ ለተጫነ ከብት፥ ቢስክሌት ነጂም ለኹሉ መንገድ ይልቀቅ።

5ኛ/ መንገዱ ቀይ ቀበሮ ከሚወልድበት ጕድጓድ ይራቅ። ውሻም አይከተል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮውን ይፈጀዋልና።

6ኛ/ አዲሱ መንገድ በተከፈተ ጊዜ አሮጌው ፈለግ በድንጋይ ክትርና በሣር ይዘጋ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ትንሹን ቦይ ዛሬ መዝጋት ነገ ገደሉን ከመሙላት ይቀላል።

አጋሰስ ነጂው ዙሪያውን ሂድ ቢባል እንደሚያጕረመርም የታወቀ ነው። በግድ ቢከለከል በሌሊት ያቋርጣል፤ በምክሩ ጊዜ ቃሉ ከተሰማ ግን እርሱ ራሱ ጠባቂ ይኾናል። የቄሮ ሥርዓት ለዘመናት የጸናው ሣሩን የሚያጭደው ሰው ሕጉንም የሚያወጣ ስለ ነበረ ነው፤ መንገዱም እንዲጸና የሚረግጡት ሰዎች በአወጣጡ ይማከሩበት።