ከደመወዝ እስከ ደመወዝ፤ የጳጉሜን ሒሳብ በቤተ ሰብ

ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ በተቀመጠችው፥ በጥንቷ የሸዋ ነገሥታት ከተማ በአንኮበር፥ የቤት ወጪ የሚቈጠረው ከአዝመራ እስከ አዝመራ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ባለሟሉና እንግዳው ከግቢ ድርጎ ይቀበላል፤ ሹሙም በማደሪያ መሬቱ ይኖራል፤ ብር ቢባል ማርያ ቴሬዛ ነው፤ ከተራራው ሥር በአልዩ አምባ ገበያ ግን መገበያያው አሞሌ ጨው ነበር። ደጋው በበልግም በመኸርም ገብስ ይሰጣልና፥ ባለሙያ ወይዘሮ የጎተራዋን እህል በቁና እየሰፈረች እስከሚቀጥለው አዝመራ ስንት ቀን እንደ ቀራት ታስብ ነበር።

ዛሬ የባለደመወዙ ጎተራ ባንክ ቤት ሆኗል። ዳሩ ግን ጎተራው ቢለወጥ የቀኑ ቍጥር አልተለወጠም። ዓመታችን 13 ወር ነው፤ ደመወዛችን ግን 12 ጊዜ ነው። የነሐሴ 30 ደመወዝ እስከ መስከረም 30 ድረስ 35 ቀን ማድረስ አለበት፤ በእነዚያም ቀናት ውስጥ ዕንቍጣጣሽ፥ የትምህርት ቤት መከፈትና መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ። ለበዓሉ ሲባል ደመወዙ አስቀድሞ የተከፈለ እንደ ሆነም ቀኑ ከዚህ ይበልጥ ይረዝማል።

ይህን የምጽፈው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጳጉሜን 3 ቀን ለልጆቼ ደብተር ልገዛ ስነሣ፥ በእጃችን የቀረው ገንዘብ ለበዓሉ ዘይት እንኳ የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። እኔ ባለቤቴን ስጠይቅ እርስዋም እኔን ትጠይቅ ጀመር፤ ያን ማታ በቤታችን መልካም ቃል አልተነገረም። በፍርድ ቤት የሰውን ክርክር በየቀጠሮው የምመዘግብ ጸሐፊ፥ የራሴን ቤት ሒሳብ አንድ ቀን እንኳ አልመዘገብሁም ነበር። ደብተሩን ከሱቅ በዱቤ ወሰድን፤ ዕዳውም እስከ ኅዳር ተከተለን። ኋላ ተቀምጠን ስንመረምረው ግን ገንዘቡን ያባከነ ማንም አልነበረም። ጥፋቱ የ35 ቀኑን ገንዘብ ለ30 ቀን አድርገን መክፈላችን ነበር።

ከዚህ በኋላ በእጅ ስልክ የሚጫነውን የወጪ መመዝገቢያ፥ በዘመኑ ቋንቋ መተግበሪያ የሚባለውን፥ ያዝን። የመጀመሪያው አልረዳንም። እርሱ ወሩን የሚከፍተው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1ኛው ቀን ነው፤ የእኛ ወር 30ኛ ቀን ግን በተራ ዓመት በአውሮፓው ወር ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን እየተዘዋወረ ይውላል። ስለዚህ አንዱን ደመወዝ ለሁለት እየከፈለ፥ ያለፈውን ጅራትና የመጪውን ራስ በአንድ ገጽ አደባልቆ ያሳየን ነበር። የሚበጀው ባለቤቱ ራሱ ደመወዝ በገባ ቀን የሚከፍተውና በሚቀጥለው ደመወዝ ዋዜማ የሚዘጋው፥ ቀኑም 30 ይሁን 35 የማይከራከር ነው። የቤት ኪራይ፥ ዕድርና ዕቁብ በመጀመሪያው ቀን ይቀነሳሉ፤ የተረፈውንም ለቀሩት ቀናት አካፍሎ ለዛሬ የሚደርሰውን በአንዲት ቍጥር ያሳያል። ይህች ቍጥር ከሌላው ጌጥ ሁሉ ትበልጣለች።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ በስልክ የተከፈለው ሁሉ መልእክቱ ስለሚቀር ለመመዝገብ ቀላል ነው። በገበያ በእጅ የተሰጠው የሽንኩርትና የበርበሬ ዋጋ ግን ማታ ካልተጻፈ የጠፋ ነው። የቡና ዋጋ መጻፍ ለጨዋ ሰው ነውር ይመስላል የሚል ቢኖር፥ የቀድሞ የግቢ አዛዥ የጠጁን ጋን ሳይቈጥር እንዳላደረ ያስብ።

አሁን ወደ ጳጉሜን እንመለስ። ለምሳሌ በእጅ የሚደርሰው ደመወዝ 9,000 ብር ነው እንበል። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 300 ብር ይደርሳል፤ ለ35 ቀን ሲካፈል ግን ወደ 257 ብር ይወርዳል፤ ይህም የበዓሉ ወጪ ሳይነካው ነው። ከመስከረም እስከ ሐምሌ ከሚከፈሉት 11 ደመወዞች ከእያንዳንዱ 125 ብር ቢቀመጥ ግን 1,375 ብር ይሆናል፤ ይህ በነሐሴው ደመወዝ ላይ ሲጨመር 35ቱ ቀናት እያንዳንዳቸው 296 ብር ያገኛሉ። ሌሎቹም ወራት በቀን ከ4 ብር ጥቂት በሚበልጥ ብቻ ይቀንሳሉ። ባለቤቴ ይህን ገንዘብ በመተግበሪያው ውስጥ «ጳጉሜን» ብላ ለብቻው ሰይማዋለች፤ እኔም እንዳልነካው ተስማምተናል።

በዘመነ ሉቃስ፥ እንደ 2015 ዓ.ም. ባለው ዓመት፥ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን 125ቱ ብር 150 ይሁን። የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 2019 ዓ.ም. ነው፤ ባለቤቴም የዚያን ዓመት ቍጥር ከወዲሁ ለውጣ ጽፋዋለች።