ብረትና ኦክስጅን፦ ከላስታ ዐለት እስከ ደማችን

ብረት በየቤታችን ስላለ ብዙ የሚጻፍበት አይመስልም። ይሁን እንጂ አንድ ጠባዩን ከያዝን ብዙ ነገር ይገለጥልናል፤ እሱም ኦክስጅንን አጥብቆ መፈለጉ ነው። እኔ የጋሸና ልጅ ስለሆንኩ ይህን ጠባይ በላስታ ደጋ በምናውቃቸው ነገሮች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የብረት የአቶም ቁጥር 26 ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ብረት 7.87 ግራም ይመዝናል፤ የሚቀልጠውም በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የተሠራው ምድር ከመፈጠሯ በፊት በከዋክብት ውስጥና በፍንዳታቸው ነው። ከምድር ቅርፊት ክብደት 5 ከመቶ ያህሉን ይይዛል። ታዲያ ይህን ያህል ካለ ንጹሑን ለምን ከመሬት አናነሣም? ከሰማይ ከሚወድቀው ድንጋይ በቀር አብዛኛውን ኦክስጅን ወይም ሌላ ንጥረ ነገር ቀድሞ ስለያዘው ነው።

የደጋችን ዐለት በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ባዛልት ደግሞ ብረት አያጣም። አዲስ ሲሰበር ጥቁር ግራጫ ይመስላል፤ አየርና ውሃ ሲቆይበት ግን ይቀላል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ዐለትም ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ቅላቱን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን አይቶ በቀለሙ የተደነቀ ሰው፣ እንግዲህ የተደነቀው በዝገት የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ብረትን ከኦክስጅን ማላቀቅ ቀላል ሥራ አይደለም። የአገራችን ባለ እጆች ይህን ያደርጉ የነበረው በከሰልና በወናፍ ነው። ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከማዕድኑ ኦክስጅኑን ይነጥቃል። እሳቱ ብረቱን ባያቀልጠውም እንደ ስፖንጅ ያለ ጉብታ ይቀራል፤ እሱ እየጋለ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ማረሻ ይሆናል። ይህ እኮ ሙሉ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው! ባለሙያውን ግን «ቡዳ» እያልን ስናገል ኖርን፤ በማረሻው እያረስን፣ እጁን እየናቅን።

ያው ጠባይ በደማችንም አለ። በሰው አካል ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይገኛል፤ አብዛኛውም በሄሞግሎቢን ውስጥ ነው። እዚያ ብረቱ በፕሮቲን ስለተከበበ ኦክስጅንን ይይዛል፣ ይለቃል እንጂ አይዝግም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የነሲንቲያ ቢል ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን ቆላ ካለው ሰው ብዙ እንዳልጨመረ አሳይቷል፤ የአንዲስ ደገኞች ግን ይጨምርባቸዋል። ለዚህ ነው ብረት ለደገኛ ቀልድ ያልሆነው። አፈራችን በብረት ቢቀላም ሰውነት ያንን በቀላሉ አይወስደውም፤ ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉም ከአውድማ አፈር የተቀላቀለ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናቶቻችን የሚሰጣቸውን የብረት እንክብል ከቡና ጋር ባይወስዱት ይመረጣል፤ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል።

በመጨረሻም ወደ ላሊበላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ከዝናብ የሚከላከሉ ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ፤ ሲተከሉ ለጊዜው ተብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የከተማው ሰው «ክብደቱና ንፋሱ ቅርሳችንን ይጎዳል» ብሎ ሰልፍ ወጣ። እኔ ስጋቱን ከኬሚስትሪ አንጻርም አየዋለሁ። መጠለያ ብረት ቀለሙ ከተላጠ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ መጋጠሚያውን እየገፋ ያላላል። ዐለቱ ግን ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ከታረቀ ዘመን አልፎታል፤ ጠላቱ ውስጡ የሚገባው ውሃ ነው። ስለዚህ ከውሃ የሚያድነው መጠለያ ራሱ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ብሎኑንና ቀለሙን የሚያይ ሰው። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የብረትን ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። እኛስ የምንማረው ለዚህ አይደል?