የቆመው እግር ሥራ

ቴኳንዶ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚከተለው የሚወነጨፈውን እግር ነው፤ ጥሩ አሠልጣኝ ግን መጀመሪያ የሚያየው መሬት ላይ የቀረውን ነው። በግጥሚያ ላይ በብዛት የሚታየውን ዶልዮ ቻጊን፣ ከጎን ዞሮ የሚያርፈውን ካልቾ፣ እንውሰድ።

የኋላው እግር ወለሉን ገፍቶ ይነሣል፤ ጉልበቱ ታጥፎ ተረከዙ ወደ መቀመጫ ይጠጋል። መታጠፉ ለማማር አይደለም። እግር ከነጭኑ የሰውነትን ክብደት 16 በመቶ ያህል ይይዛል፤ የ60 ኪሎ ተጋጣሚ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ነገር ይወረውራል ማለት ነው። ይህ ክብደት ወደ ዳሌ ሲሰበሰብ ለማዞር ይቀላል፤ ተዘርግቶ ሲነሣ ግን ይጎተታል። ከዚያ ዳሌ ይዞራል፣ ጭን ይከተላል፣ ቅልጥም በመጨረሻ ይፈታል። ጭኑ ዒላማው ጋ ሲቃረብ ይቀዘቅዛል፤ የነበረው ፍጥነት ወደ ቅልጥሙ ይተላለፋል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይህን ያውቃል፤ ክንዱ ገታ ካላለ ጫፉ አይጮህም። በሠለጠነ ሰው ላይ የእግሩ ጫፍ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ሊምዘገዘግ ይችላል፤ በሰዓት ሲሰላ 54 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠምረው የቆመው እግር ከዞረ ነው። ተረከዙ ትንሽ ከፍ ይልና በእግሩ የፊት ክፍል ላይ ይሽከረከራል፤ ምቱ ሲያርፍ ተረከዙ ወደ ተጋጣሚው ዞሯል። ወለሉ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ዳሌው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ የላይኛው አካል ግን መዞሩን አይተውምና ጫናው ጉልበት ላይ ይወድቃል። ጉልበት መታጠፍና መዘርጋት እንጂ መጠምዘዝ ብዙም አይችልም፤ ጅማቱና በመገጣጠሚያው መሐል ያለው ለስላሳ አጥንት (ሜኒስከስ) የሚጎዱት በዚህ ጊዜ ነው። ጀማሪዎች «እግሬ ከፍ አይልልኝም» እያሉ ጭናቸውን ሲስቡ ይውላሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የቆመ እግራቸውን ተረከዝ ቢያዩት እመርጣለሁ።

እጆችም ሥራ አይፈቱም፤ በሚመታው እግር በኩል ያለው ክንድ ወደ ኋላ ይወረወርና ሚዛን ይጠብቃል።

የታይላንዱ ሙዋይ ታይ ይህንኑ ካልቾ በሌላ ስሌት ይመታዋል። ጉልበት ያን ያህል አይታጠፍም፣ የሚያርፈው የእግር ጀርባ ሳይሆን ቅልጥም ነው፣ ዳሌም አብሮ ስለሚገባ ምቱ ከበድ ይላል። ቴኳንዶ ቀድሞ መድረስን መረጠ።

ሙሉ ዙር የሚዞሩ ምቶች ደግሞ የተለየ ቁማር ናቸው። ሰውነት ለመፍጠን ረዘም ያለ መንገድ ያገኛል፤ በምላሹ ለቅጽበት ጀርባውን ለተጋጣሚ ይሰጣል። ሕጉ ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጠው ለዚህ ነው። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ በ80 ኪሎ ፍጻሜ የኮትዲቯሩ ሼክ ሳላህ ሲሴ በእንግሊዛዊው ሉታሎ መሐመድ 6 ለ 4 እየተመራ ነበር። በመጨረሻዋ ሰከንድ ዞሮ በተረከዙ ጭንቅላቱን መታው፤ በዚያን ጊዜው ሕግ 4 ነጥብ ነበር። 8 ለ 6 አለቀ፤ ኮትዲቯርም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች።