የአየር ማስገቢያን መለወጥ የመኪናን ጉልበት ይጨምራልን?

የመኪና ጌጣጌጥና መለዋወጫ በሚሸጥባቸው መደብሮች ከሚታዩት ዕቃዎች አንዱ፣ ከሚያብረቀርቅ ቧንቧና ከጫፉ ላይ ከተሰካ ሾጣጣ ማጣሪያ የተሠራው የአየር ማስገቢያ ነው። የፋብሪካውን ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን አውጥቶ ይህን በቦታው የሚተካ ሰው አሥርና ከዚያ በላይ የፈረስ ጉልበት እንደሚያገኝ ሻጮች ይናገራሉ። ያስገጠሙትም ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ ወዲያውኑ እንደተሰማቸው ይመሰክራሉ። ይህ አባባል በሳይንስ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል ይመዝናል? በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህንኑ ነው። ለምርመራውም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ብዙም የራቀ ዕውቀት አያስፈልገንም።

ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ነው ሲባል ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። በመሆኑም በክብደት ሲታይ ሞተር ከሚመገበው ውስጥ እጅግ የሚበዛው አየር ነው። ነዳጅ መጨመር ቀላል ሲሆን አስቸጋሪው በእያንዳንዱ የፒስተን ምት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ማብዛት ነው። የሻጮቹ ክርክር ከዚህ እውነት ስለሚነሣ ከሥሩ የተሳሳተ ነው ለማለት አንደፍርም። የሚቀረው ጥያቄ የመጠን ነው።

በመንገዶቻችን ላይ በብዛት የሚታየውን ባለ 1,600 ሲሲ የቤንዚን ሞተር እንውሰድ። ባለአራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ የይዘቱን ያህል አየር ይስባል። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር የሚስበው 4,800 ሊትር፣ ማለትም በሰከንድ 80 ሊትር ነው። ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞሉ 85 በመቶውን ብንወስድ 68 ሊትር ይሆናል። በባሕር ወለል ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ሊትር አየር 1.2 ግራም ስለሚመዝን፣ በሰከንድ የሚገባው አየር 82 ግራም ገደማ ነው፤ ይህም 5.6 ግራም ቤንዚን ያቃጥላል። 1 ግራም ቤንዚን 44 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። ከጠቅላላው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው 30 በመቶ ነው ብንል 74 ኪሎዋት እናገኛለን። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ ውጤቱ ወደ 100 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል፤ የዚህ ዓይነት ሞተሮች መግለጫም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ጉልበቱ የሚጨምረው በሚገባው አየር ክብደት ልክ ስለሆነ፣ 10 የፈረስ ጉልበት ለማግኘት 10 በመቶ ተጨማሪ አየር መግባት ይኖርበታል። የፋብሪካው ማስገቢያ ይህን ያህል አየር እያገደ ኖሯልን? ንጹሕ ማጣሪያ ከነሣጥኑና ከነቧንቧው፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲስብ የሚያስከትለው የግፊት መቀነስ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ኪሎፓስካል ነው። የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ነው። ስለዚህ ማጣሪያውንም ቧንቧውንም ፈጽመን ብናስወግድ እንኳ የምናተርፈው ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። አዲሱ ዕቃ ደግሞ ራሱ ማጣሪያና ቧንቧ ስለሆነ የሚያስቀረው የዚህን ከፊል ነው። ባለ 100 ፈረስ ጉልበት መኪና አንድ ወይም ሁለት ፈረስ ቢያገኝ ነው፤ ይህንንም ሹፌር በመቀመጫው ላይ ሆኖ ሊለየው አይችልም።

ይህ ጥቂት ትርፍ እንኳ የሚገኘው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ብቻ ነው። በቧንቧ ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት መቀነስ በግምት ከፍሰቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ በ2,000 ዙር የሚኖረው በ6,000 ዙር ከሚኖረው አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው። ከዚህም በላይ የቤንዚን ሞተር ፔዳሉ በግማሽ ሲረገጥ አየሩን የሚያግደው ከማጣሪያው በኋላ ያለው የአየር መቆጣጠሪያ ክዳን ነው። በከተማ ውስጥ የምንነዳው ደግሞ ይህን ክዳን በከፊል ዘግተን ነው። ከሱ በፊት ያለውን መንገድ ማስፋት፣ ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ የውኃ መስመሩን በወፍራም ቱቦ እንደመለወጥ ያለ ነው።

ስለ ሙቀት ሰፋ አድርገን ልናነሣ ይገባል፤ ብዙ ገዢዎች የሚከስሩት እዚህ ላይ ነውና። የፋብሪካው ሣጥን ብዙውን ጊዜ አየሩን የሚስበው ከመኪናው ፊት ወይም ከጎማው መሸፈኛ በኩል፣ ማለትም ከውጭ ነው። ክፍት ሾጣጣ ማጣሪያ ግን ከኮፈኑ ሥር ከሞተሩ ጎን ስለሚቀመጥ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው የጋለውን አየር ይስባል። በትራፊክ መጨናነቅ ጊዜ በኮፈኑ ሥር ያለው አየር 50 ዲግሪ ቢደርስና የውጭው 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በኬልቪን 323ን ከ293 ጋር ማነጻጸራችን ነው፤ የአየሩ እፍጋት 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ሲጓዝ በመንገዱ ላይም ስለሚሞቅ ልዩነቱ ይጠባል። መሐንዲሶች በማስተካከያ ቀመራቸው የሙቀቱን ስኩዌር ሩት የሚጠቀሙትም ለዚህ ነው። በዚህ ቀመር የጉልበቱ መቀነስ 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከማጣሪያው የተገኘው 1 ወይም 2 በመቶ ትርፍ ተበልቶ ኪሳራ ተረፈ ማለት ነው።

ታዲያ ሻጮች የሚያሳዩት የዳይናሞሜትር ወረቀት ከየት መጣ? በዳይናሞሜትር መኪናው ጎማዎቹን ከበሮ ላይ አሳርፎ በቆመበት ይነዳል፤ ብዙውን ጊዜም ኮፈኑ ተከፍቶ ከፊቱ ትልቅ ማራገቢያ ይደረጋል። ክፍቱ ማጣሪያ በመንገድ ላይ የማያገኘውን ቀዝቃዛ አየር እዚህ ያገኛል። በተጨማሪም ውጤቱ በአየሩ ግፊትና ሙቀት ስለሚስተካከል፣ በሁለት ሙከራዎች መካከል የሙቀት መለኪያው በ10 ዲግሪ ቢዛባ ወረቀቱ ላይ 2 በመቶ ያህል ትርፍ ወይም ኪሳራ ከምንም ተነሥቶ ይታያል። የሞተሩ መሞቅና መቀዝቀዝም የራሱን ልዩነት ያመጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ የመጣን የሁለት ፈረስ ልዩነት እኛ እንደ ማስረጃ አንቀበለውም።

ገዢዎቹ ልዩነቱ ተሰማን ሲሉ ግን አይዋሹም። የሰሙት ድምፅ ነው። የፋብሪካው ሣጥን ከሥራዎቹ አንዱ ድምፅ ማፈን ሲሆን፣ በጎኑ የሚታዩት ባዶ እንቡጥ መሰል ክፍሎች በጀርመናዊው ሳይንቲስት በሄርማን ፎን ሄልምሆልዝ ስም የሚጠሩ የድምፅ ማጥፊያዎች ናቸው። እነርሱ ሲወገዱ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያሰማው ጉርምርምታ ወደ ጆሮ ይደርሳል፤ ሰውም የጎላ ድምፅን ከብዙ ጉልበት ጋር ማያያዝ ይቀናዋል።

ማጣሪያ ለውጥ የሚያመጣው የቆሸሸ ሲሆን ነው። በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ ነዳጃቸው በኮምፒውተር በሚመጠን የቤንዚን መኪናዎች ላይ እጅግ የተደፈነን ማጣሪያ መለወጥ የነዳጅ ፍጆታቸውን ባያሻሽልም ፍጥነት ለመጨመር የሚወስድባቸውን ጊዜ ከ6 እስከ 11 በመቶ አሻሽሏል። ካርቡሬተር ባለው የድሮ መኪና ደግሞ የነዳጁም ፍጆታ ከ2 እስከ 6 በመቶ ተሻሽሏል። መካኒኮች ፊልትሮ የሚሉትን ተራውን የወረቀት ማጣሪያ በወቅቱ መቀየር፣ ከሚያብረቀርቀው ቧንቧ የተሻለ ዋጋ አለው ማለት ነው። ተርቦ ያላቸውና ኮምፒውተራቸው እንደገና የተስተካከለ ሞተሮች፣ እንዲሁም የውድድር መኪናዎች ከፋብሪካው ልክ በላይ አየር ስለሚስቡ ከሰፊ ማስገቢያ እውነተኛ ጥቅም ያገኛሉ። እነዚህ ግን ከአጠቃላዩ ጥቂቶች ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ጉልበት የሚወስደው ሌላ ነገር ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ከላይ 100 ፈረስ ያሰላንለት ሞተር እዚህ 75 ገደማ ይቀረዋል። ያው መኪና 950 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ መተሐራ ሲወርድ፣ ሙቀቱ የሚቀንስበትን አስልተን እንኳ ከ10 በመቶ በላይ ጉልበት መልሶ ያገኛል፤ አንዳች ዕቃ ሳይለወጥለት። ለቃጠሎ አየር የማይሻው የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ አይቸገርም።

የማጣሪያ ዋና ሥራው ግን ጉልበት መስጠት ሳይሆን አቧራ መከልከል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የመንገድ አቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ስለሆነ ከብዙ ብረቶች ይጠነክራል፤ በፒስተኑ ቀለበትና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ሲገባ እንደ ሞረድ ይፍቃል። አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ቀዳዳው የሰፋ ማጣሪያ አቧራንም ሊያሳልፍ ይችላል። በዘይት የሚረጥቡት የጥጥ ማጣሪያዎች ዘይታቸው ከበዛ ደግሞ የአየር መጠን የሚለካውን ሴንሰር ሊሸፍኑትና ልኬቱን ሊያዛቡት ይችላሉ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉትን ሞተሮች በቀላሉ የምንተካቸው አይደሉምና፣ ለሁለት ፈረስ ሲባል ዕድሜያቸውን ማሳጠር ሒሳቡ የሚያዋጣ አይመስለንም።

የጻፍነውን ለማረጋገጥ የሚሻ አንባቢ መለኪያውን ራሱ ሊሠራው ይችላል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በሰሌዳ ላይ በዩ ቅርጽ ታጥፎ እስከ ግማሹ ውኃ ይሞላል፤ ሁለቱ ክንዶቹ እያንዳንዳቸው ከ50 ሳንቲሜትር ባያንሱ ይመረጣል፤ አለበለዚያ ውኃው ወደ ሞተሩ ሊሳብ ይችላል። አንደኛው ጫፍ በማጣሪያውና በአየር መቆጣጠሪያው ክዳን መካከል ካለው ቱቦ ጋር ይያያዛል፤ ሌላኛው ክፍት ይተዋል። ባዶ በሆነ መንገድ ላይ ሹፌሩ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለውን የውኃ ልዩነት ያነብባል። 10.2 ሳንቲሜትር 1 ኪሎፓስካል ነው። መጀመሪያ በቆሸሸው፣ ቀጥሎ በንጹሑ ማጣሪያ፣ በመጨረሻም ያለማጣሪያ ለአፍታ ብቻና አቧራ በሌለበት ቦታ መለካት ይበቃል።