ጨለማና ብርሃን ሲጋጩ ማን ይዳኛል?

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የፈጠሩት ይህ ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ የታተመው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ቃልና ድርጊት በእጁ ነው፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ ታሪኩን ይተርካል፣ ጭራቆቹን ያንቀሳቅሳል፣ ሲከራከሩም ይዳኛል። ድግምቶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ሕግ ያላቸው ስለሆኑ ዳኛው ሥራ አያጣም።

የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ለክርክሮች አንድ መፍቻ አስቀምጧል፦ ልዩ ሕግ ከጠቅላላው ይቀድማል። ሕግ የተማረ ሰው ይህን መርሕ ከፍርድ ቤት ያውቀዋል። በድግምት የሚቆመውን የኃይል ግድግዳ ምንም ምት አይጎዳውም፤ ሌላውን አስማት የሚፈታው ድግምትም አይፈታውም። የሚነካውን ወደ ትቢያ የሚለውጠው ጨረር ግን ወዲያው ያፈርሰዋል፤ ይህ ለብቻው ተለይቶ ተጽፏልና።

ችግሩ የሚጋጩት ሁለቱም ሕጎች ልዩ ሲሆኑ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም «ጨለማ» ሁለተኛ ደረጃ ድግምት ነው፤ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ባለ ድግምት የተፈጠረን ብርሃን ያጠፋል። «የቀን ብርሃን» ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ያለን ጨለማ ይገፍፋል። በዚህ ስሌት ብርሃን ያሸንፋል። አስማተኛው ተጨማሪ ኃይል አውጥቶ ጨለማውን በአራተኛ ደረጃ ቢደግመውስ? ብርሃኑ ያንን አይገፍፈውም፤ ጨለማውም የሚያጠፋው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለውን ብቻ ስለሆነ ብርሃኑን አይነካውም። ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ይቀራሉ።

ታዲያ እዚያ የቆመው ተዋጊ ጠላቱን ያያል? ጨለማው ደረጃው ከፍ ስለሚል ያሸንፋል የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ያስኬዳል፤ ከተጻፈው ግን አይወጣም። የድግምቱ ጽሑፍ ጨለማውን ሊያበራው አይችልም የሚለው አስማታዊ ያልሆነን ብርሃን ብቻ ነው፤ አስማታዊውን አልከለከለም። እኔ ያያል ብዬ እፈርዳለሁ። ሌላ መሪ በተቃራኒው ቢፈርድም ሥልጣኑ አለው፤ መጽሐፉ የመጨረሻውን ቃል ለመሪው ሰጥቷል።

ጨዋታ ልትመሩ ያሰባችሁ፣ ክርክር ሲነሳ ሁለቱንም ድግምቶች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ቶሎ ፍረዱ፤ ፍርዳችሁን ማስታወሻ ላይ ጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ድግምት ጭራቁ ሲጠቀምበትም በዚያው ፍርድ ዳኙት።