ድረ ገጽ ሲታደስ ፋይል የሚበላሽበት ምክንያት

ድረ ገጽን ወደ አዲስ ሥሪት የሚያሳድግ ሰው አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ ያኖራል። ነገር ግን ቅጂው ራሱ በዝውውር ጊዜ ሊበላሽ ይችላል።

በ1971 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤፍ ቲ ፒ የተባለው የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ ፋይልን እንደ ጽሑፍ ወይም እንዳለ ይልካል። እንደ ጽሑፍ ሲልክ የመስመር መጨረሻ ምልክትን እንደ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ልማድ ይለውጣል፤ ይኸውም በዊንዶውስ 13 እና 10 የተባሉት ሁለት ቁጥሮች፣ በዩኒክስ 10 ብቻ ነው። ሥዕል በዚህ መንገድ ቢላክ 10 በተገኘበት ሁሉ 13 ሊጨመርበት ወይም ሊቀነስበት ስለሚችል ሥዕሉ አይከፈትም። የፒ ኤን ጂ ሥዕል አዘጋጆች ይህን ዐውቀው 13 እና 10ን ሆን ብለው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ አኖሩ፤ ቁጥሮቹ ከተለወጡ ጥፋቱ ወዲያው ይታወቃል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። በዩ ቲ ኤፍ 8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ነው። የመረጃ ቋቱ ለላቲን ፊደል ብቻ በተሠራ ኮድ ቢገለበጥ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ «ሀ»ም «ፐ»ም አንድ ምልክት ከሆኑ በኋላ መለየት አይቻልም። የፋይሎቹን ብዛት መቁጠር ይህን አያሳይም። ስለዚህ አሮጌው ሳይጠፋ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ጥቂት የአማርኛ ገጾችን ማንበብ ያስፈልጋል።